ትከሻዋ ላይ ያለው እጅ

ከሁሉ በፊት ይቅርታ። የእጅ ጽሑፌ ዶሮ ጭቃ ረግጣ ያለፈችበት ወረቀት ይመስላል። ሦስቱ ሀ የት የት እንደሚገቡም እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ደስ ባለኝ ቦታ ደስ ያለኝን አስቀምጣለሁ። ስምንተኛ ክፍልን ያለፍኩት በር ሊዘጋ ሲል ሾልካ እንደምትገባ ድመት ነው፤ ለጥቂት ጅራቴ ተይዞ ነበር። ስለዚህ ፊደሉን ተዉትና ነገሩን ተከተሉ። ነገሩም ቢሆን ያን ያህል የሚያኮራ አይደለም። ስለ ቅናት ነው።

ቅናትን በተመለከተ የአዳማ ሰው አንድ ዘዴ አለው። «ቀናሁብሽ» ካለ በኋላ ቶሎ ብሎ «መንፈሳዊ ቅናት ነው» ይላል። መንፈሳዊ ሲባል ኃጢአቱ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ሽቶ ተረጭቶበት የወጣ ይመስላል። ጎረቤት አዲስ ሶፋ ሲያስገባ መንፈሳዊ ቅናት። የጓደኛ ልጅ ውጭ አገር ስትሄድ መንፈሳዊ ቅናት። የኔው ግን እንዲህ ዓይነቱ አይደለም። የኔ ቅናት ሥጋ ለባሽ ነው፤ አብሮኝ ይበላል፣ አብሮኝ ይጠጣል፣ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ጉልበቴ ላይ ይቀመጣል። የቀናሁት ደግሞ በሀብት ወይም በባል ቢሆን አንድ ነገር ነው። በፎቶ ነው የቀናሁት።

እስቲ አትሳቁ። እናንተስ ሰው ቤት ስትገቡ ከሰላምታው ቀጥሎ ዓይናችሁ የሚሄደው የት ነው? ግድግዳው ላይ አይደል? እዚያ ከፍ ብሎ፣ ሊወድቅባችሁ እንደሚያስብ ሁሉ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ፣ የቤተሰቡ ፎቶ ተሰቅሏል። አባት በኮት፣ እናት በሀበሻ ቀሚስ፣ የተመረቀው ልጅ በጥቁር ካባ፣ ከኋላው ደግሞ ስቱዲዮ ውስጥ የተሳለ ፏፏቴ። በየስቱዲዮው ያለው ፏፏቴ ሁሉ እውነተኛ ቢሆን ኖሮ የአዳማ ሙቀት ድሮ በበረደ ነበር። የእኛ ሰው ፎቶ ሲነሳ ጥርሱን አያሳይም፤ እጁን ከጎኑ አጣብቆ እንደ ወታደር ይቆማል። ለምን ብትሉ፣ ፎቶ ጨዋታ አይደለም። ፎቶ ማለት «እኔም ነበርኩ» ማለት ነው።

በእኛ ቤት ግድግዳ ላይ እኔ አልነበርኩም። እናቴ አለች፣ ነፍሱን ይማረውና አባቴ አለ፣ ታናሽ እህቴ ቤቲ በልደቷ ቀን ኬክ ስትቆርስ አለች። የቤቲን ልደት ኬክ የገዛሁት እኔ ነኝ፣ ሻማውን ያበራሁት እኔ ነኝ፤ ፎቶ ሲነሳ ግን ክብሪቱን ልመልስ ብዬ ጓዳ ገባሁ። ጠባዬ እንዲህ ነው። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ፣ ካሜራ ሲመጣ የሰው ጀርባ። «ትዕግስት ዓይናፋር ናት» ይላሉ፤ ልክ «ትዕግስት ወባ አለባት» እንደሚባለው፣ በሐዘኔታ። ያለኝ ፎቶ ለፈተና የተነሳሁት ጉርድ ብቻ ነው፤ እሱም ላይ ፍላሹ ሲበራ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። ፈታኙ ፎቶውን አይቶ እኔን አየ፣ እኔን አይቶ ፎቶውን አየና «እስቲ ጨፍኚ» አለኝ። ጨፈንኩ። አሳለፈኝ።

የምንኖረው ከወንጂ በሚመጣ ሸንኮራ አገዳ ነው። እናቴ ታክሲ መያዣው አጠገብ አገዳውን እንደ ጠመንጃ አጥር ላይ አስደግፋ ትሸጣለች። እኔ እልጣለሁ፣ እቆራርጣለሁ። ቤቲ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደንበኛ ትጠራለች። በአንድ ዓመት ታንሰኛለች፣ ዘጠነኛ ክፍል ናት፣ ሹፌሩንም ረዳቱንም በስሙ ታውቀዋለች። የሥራ ክፍፍላችንን ማንም ቁጭ ብሎ አልመደበውም፤ እሷ አፍ አላት፣ እኔ ቢላ አለኝ።

እንግዲህ ሰፈራችን የሚያውቀው ታሪክ እንዲህ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ሮቤል የሚባል፣ ፀጉሩን ከኋላው ያሰረ ፎቶ አንሺ በእኛ በኩል ሲያልፍ ቤቲን አየ። ውበቷ አስደነገጠው። ቆመ፣ አነሳት፣ ሄደ። ሰፈሩ ይህን ታሪክ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ቅቤ እየጨመረበት ነው የሚያወራው፤ በስተመጨረሻ ሮቤል ከድንጋጤው የተነሳ ባጃጅ ሊገጨው ነበር እስከ መባል ደርሷል። ለጊዜው እኔም ምንም አልጨምርበት፣ ምንም አልቀንስበት። እንዲሁ ይቀመጥ።

ከወራት በኋላ ሮቤል የጥሪ ካርድ ይዞ መጣ። በአንድ ሆቴል አዳራሽ የስዕልና የፎቶግራፍ ኤግዚቢሽን እንደሚከፈትና የቤቲ ፎቶ ከሁሉም ተልቆ እንደሚሰቀል ነገረን።

«ኤግዚቢሽን?» አለች እናቴ ደስ ብሏት። «ብርድ ልብስ ይኖራላ?»

የእኛ ሰው ኤግዚቢሽን ሲባል የሚያውቀው በዓል ሲደርስ ድንኳን ተጥሎ፣ ሙዚቃ ተለቆ፣ ብርድ ልብስና የፕላስቲክ ባልዲ የሚሸጥበትን ነው።

«የለም እናቴ» አላት ሮቤል፣ «የሚታይ ብቻ ነው።»

«የሚታይ ብቻ? ታዲያ ሰው ምን ይዞ ይመለሳል?»

ሮቤል ካርዱን እጇ ላይ አስቀምጦ ሄደ። እኔ ግን አሁን ብትጠይቀኝ እነግራታለሁ፤ እኔ ይዤ የተመለስኩት ከብርድ ልብስ ይከብዳል።

ካርዱ ከመጣ ጀምሮ ቤታችን የሠርግ ቤት ሆነ። የባጃጅ ልጆች ቤቲን «ሞዴሏ!» እያሉ ጥሩምባ ይነፉላት ጀመር። እናቴ አገዳ ስትሸጥ ለደንበኛው ከመልሱ ጋር ወሬውን ጨምራ ትሰጣለች፤ «ልጄ እኮ ሆቴል ልትሰቀል ነው» ትላለች፣ ሰውየው ክው ይላል። ለቤቲ ሹሩባ ተሠራላት። እኔን «አንቺም ነይ፣ ጃንጥላ ትይዥልናለሽ» አሉኝ። እኔ አገዳ እልጣለሁ። የአገዳ ልጣጭ እንዲያ ወፍሮ ሲወድቅ አይቼ አላውቅም፤ እናቴ «ምነው ልጄ፣ ለሰው የሚመጠጥ አስቀሪለት እንጂ» አለችኝ።

ከሁሉ የሚያናድደው ቤቲ ክፉ አለመሆኗ ነው። ክፉ ብትሆን እንዴት ባረፍኩ! አንድ ጊዜ ብትኮራብኝ፣ አንድ ጊዜ «እኔ እኮ» ብትል፣ ቅናቴን አሳምሬ በሐቅ እለብሰው ነበር። እሷ ግን በመክፈቻው ቀን ጠዋት አዲሱን ጫማዋን አምጥታ እግሬ ሥር አስቀመጠችው። «አንቺ አድርጊው» አለችኝ። «የኔ እግር ፎቶው ላይ የለም።» በጫማዋ እየሄዱ በሰው መቅናት እንዴት እግር እንደሚያሳምም ያላየ አያውቀውም።

አዳራሹ ቀዝቃዛና ጸጥ ያለ ነበር። የዝዋይ ሐይቅ በቀለም ተስሎ ይታያል፤ የጋሪ ፈረስ አለ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ደክሞት፤ የአብያታ ሮዝ ወፎች አሉ። ፈረሱን በጣም ወደድኩት፤ እሱም ዓይናፋር ይመስላል። ጥቁር ሱፍና ጥቁር ቀሚስ የለበሰው ታዳሚ ግን ስዕሉን አያይም። ለስዕሉ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ ራሱን ያነሳል። ፈረሱ በስንት ሰው ስልክ ውስጥ በጆሮው ብቻ እንደገባ ቤት ይቁጠረው። እኔ ጃንጥላዬን ታቅፌ፣ የሚነሳ ሰው በመጣ ቁጥር ዞር እያልኩ፣ ስሸሽ ስሸሽ መጨረሻ ላይ ከዋናው ግድግዳ ፊት ለፊት ተገኘሁ።

ቤቲ እዚያ ናት። ከእኔ ትበልጣለች፤ ቁመቷን ማለቴ ነው። በጥቁር ፍሬም፣ ከግድግዳው ላይ ቁልቁል ታየኛለች። ከአገዳው መሃል በሚገባ የከሰዓት ብርሃን ፊቷ ተሸንትሯል፤ አፏ ሊስቅ ሲል ተይዟል። ከሥሯ የሆቴሉ ሰዎች ትልቅ የአበባ ቅርጫት አስቀምጠዋል። ቆንጆ ናት። ምን ላድርግ፣ ቆንጆ ናት። ከፎቶው ዳር ደግሞ ትከሻዋ ላይ ያረፈ አንድ እጅ አለ። ባለቤት የለውም፤ ከአንጓው በላይ ያለውን ፍሬሙ ቆርጦታል።

የክብር እንግዳው፣ ኮፍያ ያደረጉ ትልቅ ሰው፣ ሪባን ከቆረጡ በኋላ ከዚያ ፎቶ ፊት ቆመው ንግግር አደረጉ። «ይህችን እጅ ተመልከቱ!» አሉ። «ይህች የእናት እጅ ናት። እናቲቱ ግን አትታይም። ምናልባትም በሕይወት የለችም። ከዚያኛው ዓለም ሆና ልጇን ትደግፋለች!»

«በስመ አብ!» አለች እናቴ በጆሮዬ። «አለሁ እኮ!»

እጁ የኔ ነው። ሰው ሁሉ አጨበጨበለት፣ እኔም ጃንጥላውን ብብቴ ውስጥ ከትቼ አጨበጨብኩ፤ ለራሴ እጅ፣ በራሴ እጅ። እናቴ እንኳ አላወቀችውም። አሥራ ምናምን ዓመት ስታጥበው የኖረች! ቤቲ ሙሉ ሰው ሆና ተሰቅላለች፤ እኔ ከአንጓዬ በታች ገብቻለሁ። እሱንም ለሞተች ሴት ሰጡብኝ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ቅናቴን ይዤ ቤቴ እገባ ነበር። ግን አዴ ጫልቱ መጣች።

አዴ ጫልቱ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ናት፤ ወተት ነጋዴ፣ እኔንም ቤቲንም አዝላ ያሳደገች። ቡልቡላ ከተማ ያለች ልጇ ወልዳ፣ ልታርሳት ሄዳ ሰንብታ ነበርና ስለ ኤግዚቢሽኑ የሰማችው አንድም ነገር የለም። በዚያን ቀን ከአውቶቡስ ወርዳ ስትመጣ ቤታችን ተዘግቷል፣ ግቢው ጭር ብሏል። ከደጃፋችን ያለውን ባለ ሱቅ ብትጠይቀው፣ ሚዛኑ ላይ ስኳር እየጨመረ፣ ቀና ሳይል «የቤቲ ፎቶ ተሰቅሎ ሰው ሁሉ እዚያ ሆቴሉ አዳራሽ ነው» አላት። ሌላ ቃል አልጨመረም። ለሱ ነገሩ ግልጽ ነው።

አሁን እናንተ አዴ ጫልቱን ሁኑ። በእኛ አገር የአንድ ሰው ፎቶ፣ ብቻውን፣ ተልቆ፣ በጥቁር ፍሬም ሆኖ፣ ከሥሩ አበባ ተደርጎ፣ ሰው ጥቁር ልብስ ለብሶ በጸጥታ የሚከበው መቼ ነው? እኔም ሳስበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለቅሶ ላይ።

ከነአቧራዋ፣ ከነቅቤ ዕቃዋ በሩ ላይ ቆመች። ፎቶውን አየች። የቅቤው ዕቃ ከእጇ ወደቀና እስከ ክብር እንግዳው ጫማ ድረስ ተንከባለለ።

«ዋይ! ዋይ ኢንተላ ኮ! ልጄን! ቤቲዬ፣ ሳልደርስልሽ!»

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ደረቷን መታች። ለቅሶ ደግሞ እንደ ማዛጋት ነው፣ ይጋባል። ከአዲስ አበባ የመጣች አንዲት ሴትዮ መነጽሯን አውልቃ እንባዋን እየጠረገች አጠገቧ ያለውን «ማነው የሞተው?» ትላለች። የክብር እንግዳው ሳይታወቃቸው ኮፍያቸውን አወለቁ። እናቴ ነገሩ ሳይገባት፣ አዴ ጫልቱ ስታለቅስ ዝም ብሎ ማየት ነውር ስለሆነ፣ «ወይኔ! ወይኔ!» ብላ ተቀበለቻት።

ቤቲ ከወደ ኋላ፣ ኬክ ጎርሳ፣ ክሬሙ አፍንጫዋ ላይ እንዳለ፣ ሰው እየገፋች መጣች። «አዴ! አዴ ጫልቱ! አለሁ እኮ!»

አዴ ጫልቱ ልጅቷን አየች፣ ፎቶውን አየች። ፊቷን ዳበሰች፣ ክንዷን ጨመቀች፣ ክሬሙን በጣቷ ነክታ ቀመሰች። ከዚያ ትከሻዋን በጥፊ አለቻት።

«አንቺ ባለጌ! ካልሞትሽ ለምን ትሰቀያለሽ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አዴ ጫልቱ እያለቀሰች ቤቲን አቅፋ አገላብጣ ሳመቻት፤ ሰው ከሳቁ መሃል እንባውን ይጠርጋል። እኔ ግን አልሳቅሁም። አሁን የምጽፈውን ስታነቡ አትፍረዱብኝ። ያን ጊዜም ቀናሁ። ባልሞተችው ሞት ቀናሁ። እኔ ብሞት አዴ ጫልቱ ታለቅስልኛለች፤ ግን በየትኛው ፎቶ? ያቺ ጉርድ አድጋ ትሰቀላለች፤ ለቀስተኛው ዓይኔን ጨፍኜ ሲያየኝ «ምስኪን፣ ሬሳዋን ነው እንዴ ያነሱት?» ይላል።

ለአዴ ጫልቱ ወንበር አመጡላት፣ ከፎቶው ፊት ለፊት አስቀምጠው ውሃ ሰጧት። እየጠጣች፣ አሁን ተረጋግታ፣ ፎቶውን ከላይ እስከ ታች ታይ ጀመር። ብርጭቆውን ከአፏ አነሳች።

«ይቺ እጅ የቲጂ አይደለችም እንዴ?»

«የት?» አለች እናቴ።

«ይኸው እንጂ፣ አውራ ጣቷ! ቢላ ሲቆርጣት ቡና ዱቄት የነሰነስኩባት እኔ ነኝ። ጥቁሩ እስከ ዛሬ አልለቀቀም። አንቺ ቲጂ! የት ነሽ? ነይ እጅሽን አምጪ!»

ሰው ሁሉ ዞረ። ያን ሁሉ ዓይን ስሸሸው ኖሬ፣ ተሰብስቦ በአንድ ቀን መጣብኝ። የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? እጄን ጃንጥላው ውስጥ ልደብቅ ስል እናቴ ጎትታ አወጣችው፤ ከፎቶው ጋር አስተያየችው፤ «አዎ እኮ! የልጄ እጅ ነው!» ብላ እልል አለች። የክብር እንግዳው ኮፍያቸውን መልሰው አደረጉ።

ሮቤል ከሰው መሃል ወጣ። አወቀኝ። ፊቱ በራ። «እሷ ናት!» አለ ለሕዝቡ። «ያን ቀን እኮ እኔ መጀመሪያ...»

አየሁት። አንገቴን በእምቢታ ነቀነቅሁለት፤ ጥቂት፣ ማንም በማያየው ልክ። በዓይኔ ለመንኩት። ዋጥ አደረገና፣ «እኔ መጀመሪያ ያየሁት ይህን እጅ ነው» አለ። ሰው አጨበጨበ።

ቤቲ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «ያን ቀን ፈርቼ ነበር» አለች ጮክ ብላ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «አይዞሽ ብላ ትከሻዬን ስትይዘኝ ነው ደፈር ያልኩት። እሷ ባትኖር እሮጥ ነበር!»

«አይዞሽ» አላልኳትም። ግን ማን ይሰማኛል፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተሞልቷል።

ኤግዚቢሽኑ ሲያበቃ ሮቤል ያንን ፎቶ ከነፍሬሙ ሰጠን። አሁን ቤታችን ግድግዳ ላይ፣ ከአባቴ ጎን፣ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ተሰቅሏል። የመጣ እንግዳ ሁሉ ፊቷን አይቶ ያደንቃል፣ እጄን አይቶ ይመርቀኛል። «እህት ማለት እንዲህ ናት» ይላሉ። «ራሷን ደብቃ እህቷን የምታወጣ!» እናቴ ትስማማለች፣ ቤቲ ትስማማለች። አዴ ጫልቱ ወተት ስትሰጠኝ «ለዚያች እጅ» እያለች ጨመር ታደርግልኛለች። እኔም እጠጣለሁ። ምን ላድርግ።

እናንተ ግን አታውቁኝም፣ ፊቴንም አታዩትም፤ ስለዚህ ለማንም ያልነገርኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ።

ያን ቀን ቤቲ እዚያ አልነበረችም። ውሃ ልታመጣ ሄዳ ነበር፤ እናቴም አገዳ ልታመጣ ወንጂ ነበረች። ሮቤል ሲመጣ እኔ አገዳ እየላጥኩ ነበር፤ ብርሃኑ በአገዳው መሃል ገብቶ ያረፈው እኔ ፊት ላይ ነው። ቆመና ብዙ አየኝ። ከዚያ ቁጭ አለ፣ ሰው ሕፃን ሲያናግር እንደሚቀመጠው፣ «እህቴ፣ እንዲሁ እንዳለሽ ላንሳሽ? ቀና በይ ብቻ» አለኝ። በሕይወቴ ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ፈለግሁ። እናንተዬ፣ እንዴት እንደፈለግሁ! ጉሮሮዬ ድረስ «እሺ» ደርሷል። ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ፣ እጄ በአገዳ ውሃ ተጣብቋል፣ ጆሮዬ ነደደ። ልክ በዚያን ጊዜ ቤቲ ጀሪካኗን ይዛ ደረሰች። ትከሻዋን ያዝኩና «እሷን አንሳት» ብዬ ወደ ብርሃኑ ገፋኋት። ካሜራው ቀጭ አለ።

ፎቶውን ያያችሁ እንደሆነ ቀረብ ብላችሁ ጣቶቼን ተመልከቱ፤ ልብሷ ከሥራቸው እንዴት እንደተጨማደደ። የሚደግፍ እጅ ልብስ አይጨማድድም። ያ እጅ እየገፋት ነው። ሰፈሩ ሁሉ በቤቲ ዕድል ሲቀና እኔ የምቀናው በቤቲ አይደለም። እዚያ ብርሃን ውስጥ ቀና ብላ ልትቀር በነበረችው ልጅ ነው።

መጀመሪያ የጠየቀው እኔን ነበር።